የቱን ዘር?

«ዘር ማጥፋት» ሲባል እኔ እስከ ሰባት ዓመቴ ድረስ ወደ አእምሮዬ የሚመጣው በቆሎ ነበር። ሳቁ፣ ግድ የለም። ተማሪዎቼም ይህን ስነግራቸው ይስቃሉ። እኔም የእናቴን ሥራ ወርሼ ያንኑ ምዕራፍ ነው በየዓመቱ የማስተምረው፤ ሳቃቸውን እስኪጨርሱ ጠመኔዬን ይዤ እጠብቃቸዋለሁ።

አባቴ የምርጥ ዘር መጋዘን ኃላፊ ነበር። ገበሬው የሚዘራው በቆሎና ስንዴ ከሩቅ በጆንያ ይመጣል፤ ነቀዝ እንዳይበላው መድኃኒት ይታሻል፤ ተመልሶ ተሰፍቶ ይሸጣል። መድኃኒቱ ቀይ ዱቄት ነው። የአባቴ ጥፍር ቀይ፣ የሸሚዙ እጅጌ ቀይ፣ ጆሮው ውስጥ ሳይቀር ቀይ። እንግዳ ቤታችን ገና ከመግባቱ ያስነጥሰዋል። እኔ ግን አባት ማለት እንዲህ የሚሸት ነገር ነው ብዬ አምኜ፣ የሰው አባት አቅፎ ሲስመኝ «ይሄ ደግሞ ምን ሆኖ ነው የማይሸተው?» እል ነበር።

እናቴ ደግሞ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ታሪክ ታስተምራለች። የነገውን ትምህርት ዛሬ ማታ ልብስ እየተኮሰች ጮክ ብላ ትለማመደዋለች። የተኮሰችው ሸሚዝ ላይ ስንት ንጉሥ ወድቋል መሰላችሁ! ስንት አብዮት ተነሥቷል! እኔም ወለሉ ላይ ተጋድሜ እሰማለሁ። ግማሹ አይገባኝም፤ ያልገባኝን ግማሽ ራሴ እሞላዋለሁ። ጉዱ የመጣው ከዚያ ነው።

ሰባት ዓመት በሞላኝ ሰሞን አባቴ መጋዘን ይዞኝ ሄደ። ከመጋዘኑ ጀርባ ነቀዝ የፈጀው በቆሎ ተቆልሏል። ላምባ አርከፈከፈበትና ክብሪት ጫረ። ፍሬው ይንጣጣል፣ እኔ እዘላለሁ። አባቴ ግን እሳቱን አላየውም። ጀርባውን ሰጥቶ አጥሩን ነበር የሚያየው።

«ለምን አታየውም አባዬ?»

«ጭሱ ዓይኔን ይለበልበኛል» አለ።

ጭሱ የሚሄደው በሌላ በኩል ነበር። ይህ እንኳ ያኔም ታውቆኛል፤ ግን ምን አገባኝ።

«እና ይሄ ሁሉ በቆሎ መቃጠሉ አያሳዝንም?»

«የተበላሸው ከጤነኛው ጋር ካደረ ሁሉንም ይጨርሰዋል። ቶሎ ለይቶ ማስወገድ ነው» አለኝ። ቀጥሎም ጎንበስ ብሎ «በይ ጠበቃዬ፣ ይህቺን ለማንም እንዳትናገሪ። የተበላሸውን የሚመዘግበው ኮሚቴ መጥቶ ሳያየው ነው ያቃጠልኩት» ብሎ ጠቀሰኝ። ጠበቃዬ የሚለኝ እናቴ በተቆጣችው ቁጥር እኔ እየተነሣሁ ስለምሟገትለት ነው።

አፌን ይዤ ተመለስኩ። አባቴ ምስጢር ሰጠኝ ብዬ ምድር ጠበበችኝ።

በማግስቱ ማታ እናቴ ካውያዋን አሙቃ፣ የአባቴን ሱሪ ዘርግታ ጀመረች። «ዘር ማጥፋት» አለች፣ «በዓለም አቀፍ ሕግ ከባድ ወንጀል ነው። ያዘዘው ብቻ ሳይሆን ያገዘውም ይጠየቃል። ይርጋ የለውም።»

ክው አልኩ። ብድግ ብዬ ቁጭ አልኩና አባቴን አየሁት። ራት እየበላ ነበር።

«እማዬ፣ ይርጋ ማነው?»

እናቴ ከት ብላ ሳቀች። «ይርጋ ሰው አይደለም፣ የኔ ማር። ይርጋ የለውም ማለት ስንት ዘመን ቢያልፍ ወንጀሉ አይሻርም ማለት ነው።»

«አንድ ሳምንት ቢያልፍም?»

«ሃምሳ ዓመትም ቢያልፍ።»

አባቴ የያዘውን ማንኪያ አስቀመጠና ወደ ደጅ ወጣ። ራቱን አልጨረሰም። እናቴም ካውያዋን እንደያዘች በሩን በሩን ታያለች። ሱሪው ተቃጥሎ መሽተት ሲጀምር ነው የባነነችው።

ነገሩ ለእኔ እንደ ፀሐይ ግልጽ ነው። አባቴ ዘር አጥፍቷል፤ በዓይኔ አይቻለሁ፤ ወንጀል መሆኑን ደግሞ የገዛ እናቴ በአፏ ተናገረች። ከዚያ ወዲያ ቤታችን በር በተንኳኳ ቁጥር ሮጬ እደበቃለሁ። ጎረቤት ወንፊት ልትዋስ ስትመጣ እኔ ፖሊስ ነው ብዬ ከአልጋ ሥር ነኝ። ቀይ የነካውን የአባቴን ሸሚዝ ሰብስቤ ፍራሽ ሥር ወሸቅኩት፤ ማስረጃ መደበቄ ነው እንግዲህ። እናቴ ሸሚዝ ፍለጋ ቤቱን ስታምስ ዋለች።

ከሁሉ የባሰው ግን በግድግዳው በኩል የሰማሁት ነው። የእኔና የእነሱ ክፍል የሚለየው በስስ ጣውላ ስለሆነ፣ ጆሮዬን ስለጥፍ እስትንፋሳቸው ሳይቀር ይሰማኛል።

«ዝለይው» ይላል አባቴ። «አንድ ምዕራፍ ቢዘለል ሰማይ አይደፋም። ጊዜ አልበቃኝም በያቸው።»

«መጽሐፉ ላይ ያለ ነው። እንዴት ብዬ ነው የምዘለው?»

«ስንቱ አስተማሪ ይዘለዋል!»

«አንተን ምን አስፈራህ?» አለች እናቴ። ድምፅዋ ቀጭን ሆነብኝ። «ሹፌር ብቻ ነበርኩ አላልከኝም?»

«ነበርኩ።»

«የት እንደሚወስዷቸው አላውቅም ነበር አላልከኝም?»

«ብዬሻለሁ።»

«እንግዲያው ምን ያስፈራሃል?»

አልጋው ሲንቋቋ ሰማሁ፤ አባቴ ፊቱን አዙሮ ተኛ ማለት ነው። እኔም በበኩሌ፣ አባዬ ድሮ የዘር መኪና ይነዳ ነበር ለካ፣ ያኔም ሌላ ዘር አጥፍቷል ማለት ነው ብዬ ጭራሽ ተስፋ ቆረጥኩ።

መኪናው የዘር አልነበረም። እኔ ሳልወለድ በፊት ጦርነት ነበር፤ አባቴ ገና ጢሙን ያልተላጨ ወጣት ሆኖ የጭነት መኪና ይነዳ ነበር። ከከተማችን ወንዝ ማዶ የሚኖሩትን ሰዎች ወታደሮች ከየቤታቸው አውጥተው፣ ለሥራ ነው የምንወስዳችሁ ብለው እሱ መኪና ላይ ጫኗቸው። የተጫነ ሰው አልተመለሰም። ሬሳም አልተገኘ። አባቴ እናቴን ሊያገባ ሲጠይቃት ይህን አልደበቃትም። መኪናው ውስጥ ነበርኩ፣ የት እንደሚያደርሷቸው ግን አላውቅም፣ ከመንገድ ላይ ሌላ ሹፌር ይቀበለኝ ነበር አላት። አመነችው። ስለወደደችው ይሁን፣ ደግማ መጠየቅ ፈርታ ይሁን፣ አሁን አርጅታም ስጠይቃት «እንጃ ልጄ» ነው የምትለኝ። የምዕራፉ ነገር ሲመጣ የፈራችው ተማሪዎቹን አልነበረም። ጥያቄውን ነው።

ፈተናው ደግሞ ከቤት ብቻ አልመጣባትም። እኔ ከሰዓት በኋላ ትምህርት ስለሌለኝና ቤት የሚጠብቀኝ ስለሌለ፣ እናቴ ክፍሏ ውስጥ የኋላ ወንበር ላይ ታስቀምጠኛለች። አንድ ቀን እጇን ይዤ ስንሄድ ዳይሬክተሩ ኮሪደሩ ላይ አስቆማት።

«እህቴ፣ ያቺን ምዕራፍ ቀስ አድርገሽ እለፊያት» አላት ዝቅ ባለ ድምፅ። «ልጆቹን ታውቂያቸዋለሽ። ያንዱ አባት ያደረገው፣ ያንዱ አባት የተደረገበት ነው። አንድ ወንበር ላይ ነው የሚቀመጡት። ቁስል አትነካኪ።»

«የሌላ አገር ታሪክ እኮ ነው ጋሼ» አለች እናቴ።

«እሱን ለልጆቹ ንገሪያቸው» ብሎ ጥሏት ሄደ።

እኔ የገባኝ ምንድን ነው? የአባቴ ነገር ትምህርት ቤት ድረስ ደርሷል! ዳይሬክተሩም አውቋል! የእናቴን እጅ ጨምቄ ያዝኩ፤ እሷም ጨምቃ ያዘችኝ። ሁለታችንም የምንፈራለት ሰው አንድ ነበር፤ የምንፈራው ነገር ነው የተለያየው።

ቀኑ ደረሰ። እናቴ ገብታ ጥቁር ሰሌዳው ላይ በትልቁ «ዘር ማጥፋት» ብላ ጻፈች። አልዘለለችውም። እኔ ከኋላ ወንበር ላይ እግሬ መሬት ሳይነካ ተቀምጬ በሩን በሩን አያለሁ።

እናቴ ስታስተምር ጮክ አትልም። ጥግ ያለው ልጅ እንዲሰማት ሌላው ራሱ ፀጥ ይላል። «ሰዎቹ ጎረቤት ነበሩ» አለች። «አንድ ዳቦ ቤት የሚሰለፉ፣ ልጆቻቸው አብረው የሚማሩ። መጀመሪያ ስም ወጣላቸው። በሽታ ናቸው ተባሉ። ተባይ ናቸው ተባሉ። አብረውን ካሉ ያጠፉናል ተባለ። ከዚያ ሻንጣ ያዙ፣ ለሥራ ነው ተባሉና ባቡር ላይ ተጫኑ። ባቡሩ ሞልቶ ይሄዳል፣ ባዶውን ይመለሳል።»

ወይኔ አባቴ! ዘር ያጠፋ ሰው ቅጣቱ ይህ ነው ማለት ነው። አባቴን ሻንጣ አስይዘው፣ ባቡር ላይ ጭነው፣ ባቡሩ ባዶውን ሊመለስ ነው። የሚጫኑት አጥፊዎቹ መሰሉኝ። ስንት ዓመት አስተምሬም ይህቺን የራሴን ስህተት ሳስባት አሁን ድረስ ደረቴ ይከብደኛል፤ ምክንያቱም ያኔ የጫኗቸውም ሰዎች ለሕዝቡ የነገሩት ይህንኑ ነበር፤ የተጫነ ሁሉ አጥፍቶ ነው ተብሎ ነበር።

አንድ ተማሪ እጁን አወጣ። «ቲቸር፣ ባቡሩን የሚነዳው ሰውዬም ይጠየቃል?»

እናቴ አፏን ከመክፈቷ በፊት፣ እኔ አጠገብ ካለው ወንበር አንዲት ረጅም ልጅ ተነሣች። ረጅሟ ነበር የሚሏት፤ ክፍል ውስጥ ድምፅዋ ተሰምቶ አያውቅም።

«የኔን አያት ባቡር አይደለም የወሰዳቸው» አለች። «የጭነት መኪና ነው። ከወንዙ ማዶ። አያቴ፣ ማለቴ ሴቷ፣ እስካሁን የት እንደተቀበሩ አታውቅም። እና ቲቸር፣ ሹፌሩ ያውቅ ነበር?»

እናቴ ጠመኔውን እንደያዘች ቆማ ቀረች። ልጅቷን አየቻት፣ ከዚያ ዓይኗ ወደ እኔ መጣ። እኔ ላይ ቀረ።

አለቀ በቃ፣ አባቴን ልትናገርበት ነው አልኩ። እንዴት እንደተነሣሁ አላውቅም፣ ወንበሩ ላይ ቆሜ እየጮህኩ ነበር።

«አባቴ የተበላሸውን ብቻ ነው ያቃጠለው! ጤነኛውን አልነካውም!»

ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። ረጅሟ ብቻ አልሳቀችም። እናቴ ደግሞ፣ ስታስተምር ቁጭ ብላ የማታውቀው እናቴ፣ ወንበሯን በእጇ ዳብሳ ፈልጋ ተቀመጠች። ፊቷ አመድ መስሏል። ሳቁም ቀስ እያለ ሞተ።

«ነገ እመልስልሻለሁ» አለቻት ረጅሟን። ቦርሳዋን ሰብስባ፣ ደወሉ ሳይደወል እጄን ይዛ ወጣች።

መንገድ ላይ ሄደች ሄደችና አንድ የተዘጋ ሱቅ ደጃፍ ላይ ድንገት ቆመች።

«የተበላሸ የሚለውን ማነው የነገረሽ?»

«አባዬ» አልኩ እያለቀስኩ። «ለማንም አትናገሪ ብሎኝ ነበር። ነቀዝ የበላውን ነው እኮ እማዬ! ኮሚቴው ሳያየው ነው ያቃጠለው። ዘር ማጥፋት ወንጀል መሆኑን አላወቀም።»

እናቴ መጀመሪያ አልገባትም። ከዚያ ገባት። የሱቁ ደረጃ ላይ ዝርፍጥ ብላ ተቀምጣ ትስቅ ጀመር፤ አላፊ አግዳሚው እስኪያያት ሳቀች፤ ሳቁ በየት በኩል ልቅሶ እንደሆነ እንጃ፣ ነጠላዋ ውስጥ ገብታ ተንሰቀሰቀች። ስትጨርስ ፊቴን በመዳፏ ጠረገችልኝ።

«ስሚኝ የኔ ልጅ። ዘር ሁለት ነው። የሚዘራ ዘር አለ፣ በቆሎው፣ ስንዴው። ሌላው ደግሞ ሰው ነው። አባት፣ ልጅ፣ የልጅ ልጅ፣ እሱም ዘር ይባላል። እኔ የማስተምረው የሰውን ነው። በቆሎ በማቃጠሉ አባትሽን ማንም አይነካውም።»

እፎይ! ሸክም ከላዬ ወረደ። ግን ነገሬን ሳልጨርስ የምተው ልጅ አልነበርኩም።

«ታዲያ አባዬ የቱን ነው ያጠፋው?»

ያለ ምንም ተንኮል ነው የጠየቅኩት። ከሁለቱ አንዱን መሆን አለበት ብዬ ነው። እናቴ ተነሥታ ነጠላዋን አራገፈች።

«ሄደን እሱን እንጠይቀዋለን» አለች።

መጋዘኑ ውስጥ አባቴ የጆንያ አፍ እየሰፋ ነበር። ሲያየን ደስ ብሎት ብድግ አለ። የእናቴን ፊት ሲያይ መርፌው እጁ ላይ ቀረ።

«ጠይቂው» አለችኝ እናቴ። «የጠየቅሽኝን ጠይቂው።»

«አባዬ፣ አንተ የቱን ዘር ነው ያጠፋኸው? የበቆሎውን ነው የሰውን?»

«ምን ነካሽ አንቺ?» አላት እናቴን። «ሕፃን ልጅ ይዘሽ?»

«አንድ ተማሪ ጠየቀችኝ» አለችው። «አያቷን በመኪና ወስደዋቸዋል፤ ሹፌሩ ያውቅ ነበር ወይ አለችኝ። ነገ እመልስልሻለሁ ብያታለሁ። ምን ልበላት?»

አባቴ ጆንያው ላይ ተቀመጠ። ቀይ እጆቹን ጉልበቱ ላይ ዘረጋቸው። ላብ በላብ ሆኗል፤ እኔ ደግሞ ወንጀለኛ አለመሆኑን ስላወቅኩ ዘና ብዬ ጆንያ ላይ እወጣለሁ፣ እወርዳለሁ።

«የመጀመሪያውን ቀን አላወቅኩም» አለ። «እናቴ ትሙት፣ አላወቅኩም።»

«ሁለተኛውንስ?»

አባቴ ከጣቱ ላይ ቀዩን ዱቄት ይፍቅ ጀመር።

«ሌላ ሹፌር ይቀበለኝ ነበር ብለኸኛል።»

«ማንም አልተቀበለኝም» አለ። «እኔው ነኝ ያደረስኳቸው። ባዶውን ስመለስ ልብሳቸው መኪናው ላይ ነበር።»

እናቴ ግድግዳውን ያዘች። «ስንት ጊዜ ተመላለስክ?»

«እስኪያልቁ» አለ አባቴ።

እኔ እስኪያልቁ ሲል ጆንያዎቹ መሰሉኝ። አባቴ ጀምሮ የማይተው ጎበዝ ሠራተኛ መሆኑን አውቅ ስለነበር አልገረመኝም። እናቴ ግን ሌላ አንድም ነገር አልጠየቀችውም። «ወይ ነገ መጥተህ ራስህ ትነግራታለህ፣ ወይ እኔ እነግራታለሁ» አለችውና እጄን ይዛ ወጣች።

በማግስቱ አባቴ አልመጣም። እናቴ ለረጅሟ ስትነግራት እኔም ነበርኩ። «ሹፌሩ ያውቅ ነበር» አለቻት። ረጅሟ «በምን ታወቀ ቲቸር?» ስትል እናቴ ድምፅዋን ሳትቀንስ «ራሱ ነገረኝ። ባለቤቴ ነው» አለች። የዚያን ቀን የሳቀ የለም። ከዚያ በኋላ የሆነው ሆነ፤ አባቴ የረጅሟን ሴት አያት ይዞ ሄዶ ቦታውን አሳየ፤ አሮጊቷ መሬቱን በመዳፋቸው እየዳበሱ አመሹ፤ ከወራት በኋላም ፖሊሶች በራችንን አንኳኩ። እኔ ያን ጊዜ ፍርሃቴን ጨርሼ ስለነበር ሮጬ ሄጄ የከፈትኩላቸው እኔ ነኝ። ተፈረደበት። ይርጋ የለውም።

ከዚህ ሁሉ ግን ከውስጤ የማይወጣው ከመጋዘን የተመለስን ቀን አመሻሹ ነው። ገና ራት አልተነሣም። አባቴ ገበታው ላይ ብቻውን ተቀምጧል፣ አልበላም። እናቴ ትራሷንና ብርድ ልብሷን ታቅፋ ከእነሱ ክፍል ወጣችና ወደ እኔ ክፍል ገባች።

«ዛሬ አንቺ ጋ ነው የምተኛው» አለችኝ።

ደስታዬ! ከእናቴ ጋር የምተኛው ሲያመኝ ብቻ ነበር፤ አሁን ምንም ሳያመኝ!

«ነገስ?»

«ነገም።»

«ከነገ ወዲያስ?»

«ሁልጊዜ» አለችኝ፣ ትራሷን ከትራሴ ጎን እያስተካከለች።

እንዲህ ያለ የምሥራች ለራስ ብቻ ይያዛል? በባዶ እግሬ እየበረርኩ ወደ አባቴ ሄድኩና ክንዱን ይዤ እየነቀነቅኩ ነገርኩት። «አባዬ፣ አባዬ! እማዬ ከእንግዲህ ሁልጊዜ እኔ ጋ ልትተኛ ነው!»

አባቴ ቀና ብሎ አላየኝም። በቀይ ጣቶቹ ፀጉሬን ወደ ኋላ መለሰልኝ።

«ጎሽ» አለኝ። «በይ ሂጂ፣ ቦታ ልቀቂላት።»